ከማስክና ከወተት በፊት ምን ይቅደም? (የቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ጉድጓድ)

የሌሊት ፈረቃ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ሞጆ አካባቢ ባለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ኬሚስት ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ እንዳልሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የደረሰብንን ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ የኖራ ቤቱ (የቆዳው ፀጉር በኖራና በሰልፋይድ የሚነሳበት ክፍል) ቦይ ተዘጋ። የሚዘጋው ፀጉርና ከቆዳው የተላጠ ሥጋ ነው፤ በሳምንት አንዴ አይቀርም። እንደተለመደው አንድ ልጅ ቦቲውን አጥልቆ፣ አካፋ ይዞ መሰብሰቢያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል፤ ሰልፋይድ ያለበት ውሃ እስከ ጉልበት ቆሞበታል። በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ፒክል (ቆዳውን በአሲድ የማዘጋጀት ሥራ) የሚያሠራው ጓደኛችን ሥራውን ጨርሶ ድራሙን፣ ቆዳው የሚታሸበትን ትልቅ የሚዞር በርሜል፣ አፈሰሰ። ጉድጓድ ውስጥ ሰው እንዳለ አላወቀም፤ የሚያውቅበትም መንገድ አልነበረም። አሲዱ በዚያው ቦይ መጥቶ ከሰልፋይዱ ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ነው።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጣ። ይህ ለእኛ አዲስ ስላልሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ጠፋ፤ እኔ ራሴ «አለፈ» አልኩ። ቀጥሎ የሰማሁት አካፋው ሲወድቅ ነው።

ልጁ የዳነው ገመድ ታስሮ ስለነበረ ብቻ ነው። ያሰረለት ፎርማናችን ነው፤ ጋዙን አስቦ ሳይሆን ጉድጓዱ ስለሚያንሸራትት። ለሦስት ጎተትነው። የቅርብ ጓደኛው ግን አንዱን እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ቀበቶውን ይዤ መለስኩት። «ወንድሜ ሲሞት ቆመህ ታያለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። እስከዛሬ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም።

ልጁ ሆስፒታል አራት ቀን ተኝቶ ወጣ። ራሱን ያመዋል፤ አንዳንዴ የጀመረውን ወሬ ይረሳል።

አስተዳደሩ ለሁሉም ሰው የጨርቅ ማስክ ገዛ፤ በየቀኑ የምንታደለውንም ወተት ከግማሽ ሊትር ወደ አንድ ሊትር አሳደገ። ክፋት የለባቸውም፤ የሚያውቁት ይህንን ስለሆነ ነው። አሁን «የሚያስፈልገውን ጽፈህ አምጣ፣ በጀቱ ግን ጠባብ ነው» ተብያለሁ። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ከበሮ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ልጄ፣ እንኳን ቀበቶውን ያዝክ። እኔ 31 ዓመት ቆዳ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ባለ ጉድጓድ ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ። ሁለተኛው የሞተው የመጀመሪያውን ላወጣ ብሎ ገብቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ስለ ጉድጓዱ ብቻ አታስብ። ኖራውን ለማውጣት አሞኒየም ሰልፌት የምትጨምሩበት ድራምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሩን ከፍቶ አንገቱን ሲያስገባ ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳበት። በእኛ ቤት በሩን የሚከፍት ሰው ወደ ጎን ቆሞ ይከፍትና መቶ እስኪቆጥር ይርቅ ነበር። መማሪያ መጽሐፍ ላይ አላየሁትም፤ ከሰው ሞት የተማርነው ነው።

ማጣሪያ ቤት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

እኔ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሴት ስሆን በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ የሚመለሰው በኮንክሪት እንጂ በማስክ አይደለም።

ሰልፋይዱ የሚያስፈራው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው ቁጥር፤ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል) ሲወርድ ነው። ከኖራ ቤት የሚወጣው ውሃ ፒኤቹ 12 ገደማ ስለሆነ ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ ታስሮ ይቆያል። ወደ 7 ሲወርድ ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ለመውጣት ዝግጁ ይሆናል። የፒክል ውሃ ደግሞ 3 ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦይ ማፍሰስ ማለት ጋዝ የሚያመርት ማሽን መሥራት ማለት ነው፤ ያውም ሰው በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪህ ሁለተኛ ቦይ ይሁን። የአሲዱና የክሮሙ (ቆዳው የሚለፋበት ኬሚካል) ለብቻ፣ የኖራው ለብቻ። እኛ ጋ ሥራው ግንበኛ፣ ሲሚንቶና አሥር ቀን ነው የፈጀው፤ ከውጭ የሚገባ ምንም ዕቃ የለውም።

ከለየህ በኋላ ለማጣሪያውም ይጠቅምሃል። የኖራ ቤቱን ውሃ ለብቻው ገንዳ ውስጥ አስገብተህ ትንሽ ማንጋኒዝ ሰልፌት ጨምረህ አየር ስትነፋበት ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጋዝ የማያወጣ ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ከአሲዱ ጋር ቢቀላቀል የኔ ሠራተኞች ናቸው የሚታፈኑት። እኛ እርሳስ አሲቴት የነከርነውን ወረቀት ከገንዳው አፍ ላይ እንሰቅላለን፤ ጋዝ ካለ ይጠቁራል። መለኪያ መሣሪያን አይተካም፤ ግን ሠራተኛው በዓይኑ ያየውን ያምናል።

ቁጠባ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

የምርት ሥራ አስኪያጅ ነኝ (ሌላ ፋብሪካ)። ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን የእኛንም ጭንቅ ስሙ። ቦዩ ሲሠራ ድራሞቹ ለአሥር ቀን ይቆማሉ። ጥሬ ቆዳ ደግሞ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። የጋዝ መለኪያ በዶላር ነው፣ ዶላሩ ደግሞ ለክሮምና ለሰልፋይዱ ራሱ አይበቃም። ደህንነት አንድ በጀት፣ አካባቢ ጥበቃ ሌላ በጀት፣ የገዢ ኦዲት ሌላ በጀት። የቱን ላስቀድም?

ራይን ዳር
ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

ለተጎዳው ልጅ ፈጣሪ ጤናውን ይመልስለት። እኔ ጀርመን ውስጥ ራይን ወንዝ ዳር ባለ የኬሚካል ፋብሪካ የፕሮሰስ ደህንነት መሐንዲስ ነኝ። ለቁጠባ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብዬ የማስበውን ልጻፍ፤ ረዘም ይላል፣ ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986 ሌሊት ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ሽዋይዘርሃለ በምትባል ቦታ የሳንዶዝ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። ውስጡ ፀረ ተባይና የሜርኩሪ ውሁዶች ነበሩ። እሳት አደጋዎቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ ውሃ ረጩ። የረጩት ውሃ ግን ኬሚካሉን ጠርጎ ራይን ውስጥ ገባ፤ ምክንያቱም ውሃውን የሚይዝ ገንዳ አልነበረም። ወንዙ ቀላ። ዓሣዎቹ፣ በተለይ ኢል የሚባሉት ረዣዥሞቹ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ላይ ሞተው ተንሳፈፉ። ውሃውን የሚጠጡ ከተሞች እስከ ኔዘርላንድስ ድረስ መሳቢያቸውን ዘጉ። በዓመቱ የወንዙ አገሮች የጋራ ፕሮግራም አወጡ፤ ሳልሞን ወደ ራይን እንዲመለስ ግብ አደረጉ። ዛሬ እኔ በምሠራበት ግቢ ማንኛውም መጋዘን ሲሠራ «እሳት ቢነሳ የማጥፊያው ውሃ የት ይጠራቀማል?» ተብሎ ይጠየቃል። መልስ ከሌለው አይሠራም።

ይህንን የምነግርህ በዚያች ሌሊት የእሳት አደጋና የወንዝ ብክለት የሚባሉ ሁለት ጉዳዮች ስላልነበሩ ነው። የጎደለው አንድ ገንዳ ነው። እናንተም ጋ ልጁን የጣለው ጋዝ፣ ዓሣውን የሚገድለው ሰልፋይድና ኦዲተሩ የሚጽፍባችሁ ነጥብ አንዱ ኬሚካል ነው፤ ባጀቱን ሦስት ቦታ የከፈለው የቢሮ አሠራር ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ሦስት ነገር ዛሬ ማታ ያለ ገንዘብ ይጀመር።

የፒክል ድራሙ ማፍሰሻ ቫልቭ በቁልፍ ይዘጋ። ቁልፉም ጉድጓድ ውስጥ በሚገባው ሰው ኪስ ይሁን። ከጉድጓዱ ሳይወጣ ማንም አሲድ ማፍሰስ አይችልም። «ነግሬዋለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተነገረ አይሰማም።

ፊርማ ያለው የመግቢያ ወረቀት ይኑር። ማን ፈቀደ፣ ማን ይገባል፣ ላይ ማን ቆሞ ይጠብቃል የሚለው ይጻፍበት። ላይ የቆመው ሰው ሌላ ሥራ የለውም፤ ስልክም አያነሳም።

ማንም ተከትሎ እንዳይገባ። ይህ ከባዱ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባሉ የተዘጉ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡ ናቸው ብሏል። ጋሽ ከበሮ የነገሩን ያ ነው። ጓደኛህ የጮኸብህ ስለሚወድደው ነው፤ አንተም የያዝከው ስለምትወድደው ነው። ይህንን ለልጆቹ በጸጥታ ጊዜ፣ ቡና ላይ፣ ደጋግመህ ንገራቸው። የመጎተቻ ሦስት እግርና ቀበቶ ካለ ሰው ሳይገባ ማውጣት ይቻላል፤ ባለ ሦስት እግሩን ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ማንጠልጠያ ቀበቶውና ገመዱ ግን ደረጃውን የጠበቀ ይሁን።

ኖራ ቤት 3
ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ወተቱ አይረዳም ማለት ነው? እኛ ወተት ሲቀርብን ነው የምንጣላው።

ነርስ ሰናይት (የብዕር ስም)
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው ነው። ወተት ምግብ ነው። ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው ምግብነቱ ይጠቅመዋል፤ እንዲቀርባችሁም አልፈልግም። ነገር ግን በሳንባ የገባን ጋዝ አያወጣም። ጋዙ የሚገባው በትንፋሽ ነው፤ ወተቱ የሚሄደው ሆድ ነው፤ መንገዳቸው አይገናኝም። በክሮም የተነካ ቆዳንም አያድንም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰው ወተቱን ጠጥቶ «ተጠብቄያለሁ» ብሎ መግባቱ ነው።

የጨርቅ ማስኩም እንደዚያው ነው። አቧራ ይቀንስ ይሆናል፤ ጋዝ በጨርቅ ቀዳዳ ያልፋል። እርጥብ ፎጣ አፍ ላይ ማድረግም አያድንም።

ስለ ሽታው ደግሞ ሁላችሁም ልብ በሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጣም በትንሽ መጠን፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ ሳይሞላ ይሸታል። ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተቻ ነርቭን ያደነዝዛል። ጋዙ እየጨመረ ሽታው ይጠፋል። ከ500 በላይ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ይወድቃል፤ 1000 ሲጠጋ በአንድ ሁለት ትንፋሽ። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። «ሽታው ጠፋ፣ አለፈ» ያልክበት ቅጽበት ከሁሉም የባሰ አደገኛው ቅጽበት ነበር። አንተን ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም አላስተማረህም።

ለተጎዳ ሰው ንጹህ አየርና ኦክስጅን ነው። ፋብሪካችሁ ክሊኒክ ካለው የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን ዛሬ ሂዱና እዩ። የልጁ ራስ ምታትና መርሳት ደግሞ ችላ አይባል፤ የነርቭ ሐኪም ይየው፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎም ይመዝገብለት።

ኖራ ቤት 3
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ለፈረቃዬ አነብላቸዋለሁ።

ከወንዙ በታች
ሐሙስ፣ ቀን 7፡00

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። አባቴ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ውሃው አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ከብቶቹ ሲጠጡ እናባርራቸዋለን። ይህንን ክር ሳነብ ሠራተኛው ከእኛ በፊት እንደሚጎዳ አሁን ነው የገባኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሁለት ቦይ ስትሠሩ ሁለቱም መጨረሻቸው ወንዙ ነው ወይስ ሌላ?

ማጣሪያ ቤት
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ መነሳት ነበረበት። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መልክ ያለው ክሮም ነው። በተለመደው አሠራር ድራም ውስጥ ከሚገባው ክሮም ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቆዳው ላይ ሳይቀመጥ ከውሃው ጋር ይወጣል። የክሮሙ ቦይ ከሌላው ከተለየ ይህንን ውሃ መያዝ ይቻላል፤ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመርበትና ፒኤቹ 8 አካባቢ ሲደርስ ክሮሙ እንደ ጭቃ ይቀመጣል። ጭቃውን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ወደ ድራሙ መመለስ ነው። ከሌላው ፍሳሽ ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ግን ዝቃጩን በሙሉ ያበላሻል፤ ማዳበሪያም አይሆን፣ የትም አይጣል።

ለቁጠባም ይህንን እላለሁ። ዶላር የለም ካላችሁ፣ በዶላር የገዛችሁትን ክሮም ሲሶውን ወንዝ ውስጥ ለምን ትደፋላችሁ?

ሳልዋሽ መናገር ያለብኝ ግን ጨዉ ነው። ጥሬ ቆዳ የሚጠበቅበት ጨው ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ የተለመደ ማጣሪያ አያወጣውም። በ2008 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብዛኛውን ውሃ መልሶ የሚጠቀም ተቋም ካልተሠራ በስተቀር። ስለዚህ ቆዳው ከመነከሩ በፊት ጨዉ በደንብ ይራገፍ። እኛ የእንጨት ርብራብ ላይ እየመታን እናራግፋለን፤ በቀን የሚወጣው ክምር ያስደነግጣል። ለአባትህ ሽንኩርት ትልቁ ጠላት ከክሮሙ ይልቅ ይህ ጨው ሊሆን ይችላል።

ቁጠባ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

የክሮሙን ነገር ተቀብያለሁ። ሒሳቡን አሠራለሁ።

ጋሽ ከበሮ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡45

ሁላችሁም ስለ ቦይ ስትጽፉ አንድ ነገር ታለፈ። ልጁ ጉድጓድ የገባው ለምንድን ነው? ፀጉር ስለዘጋው። ፀጉሩ ለምን ቦይ ውስጥ ገባ?

ፀጉሩን በሰልፋይድ አሟሙተን እንደ ገንፎ አድርገን ስለምናፈስሰው ነው። የአባቶቻችን ቆዳ አልፊዎች (ሕዝቡ ይንቃቸው የነበሩት ማለቴ ነው፤ ያ ንቀት ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል) በእምቧይ ሲያለፉ ፀጉሩን ፍቀው ያነሱት ነበር እንጂ አያሟሙትም። በፋብሪካም ይቻላል። መጀመሪያ ኖራ ብቻ ትሰጠዋለህ፤ ኖራው ፀጉሩን ያጠነክረዋል፣ ሥሩን ግን አይነካም። ከዚያ ትንሽ ሰልፋይድ። ፀጉሩ ከነሥሩ ሙሉውን ይነቀላል። ድራሙ እየዞረ ውሃውን በወንፊት እያዞርክ ፀጉሩን ትለቅማለህ። ሰልፋይዱ ይቀንሳል፣ የፍሳሹ ጭነት ይቀንሳል፣ ቦዩ አይዘጋም። ሰው ጉድጓድ አይገባም።

እኛ በበሬ ቆዳ ሞክረነው ነበር፤ ሰዓቱን መጠበቅ ይፈልጋል፣ ኖራው ላይ ከቆየ ጭራሽ እንቢ ይላል። በሚቀባ ሌጦ (የኖራና የሰልፋይድ ቅባት በሥጋው በኩል የሚቀባ የበግና የፍየል ቆዳ) ላይ ይህ አያስፈልግህም፤ ፀጉሩ ድሮም በእጅ ነው የሚነሳው።

የሌሊት ፈረቃ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡30

ጋሼ፣ ይህንን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ የነበረው ልጁ ሲገባ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። እንዳይገባ ማድረግ እንደሚቻል አንድም ቀን አላሰብኩም።

ዝርዝሩን ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ይጀምራል፦ ፀጉሩን ከምንጩ ማስቀረት፣ ቀጥሎ ከጉድጓዱ በፊት ከላይ የሚጠረግ የብረት ወንፊት፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ቦይ፣ ከዚያ ቁልፉና የመግቢያ ወረቀቱ፣ ከዚያ መለኪያና ባለ ሦስት እግሩ። ማስክ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ትክክለኛው ዓይነት።

ነርስ ሰናይት (የብዕር ስም)
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡50

ስታቀርበው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ አንቀጽ 92 አያይዘው። የአሠሪው ግዴታ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ የደህንነት ኮሚቴ ማቋቋምም አለበት። ኮሚቴው ውስጥ ጉድጓድ የሚገቡት ልጆች ራሳቸው ይኑሩበት።

የሌሊት ፈረቃ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ጠዋት 3፡10

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። ወንፊቱ ተሠርቷል። ሁለተኛው ቦይ እስከ ግድግዳው ደርሷል፤ የቀረው ስምንት ሜትር ነው። ድራሞቹን በሙሉ አላቆምንም፤ ግማሹን እያሠራን ግማሹን ቆፈርን፣ ለቁጠባ ይጠቅመው ይሆናል። እስኪያልቅ ድረስ የፒክል ውሃ የሚፈስሰው ኖራ ቤቱ ከታጠበ በኋላ ብቻ፣ በተፈረመ ሰዓት ነው። መለኪያው አንድ ተገዝቷል።

የፀጉሩን ነገር በአንድ ድራም ሞከርን። የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ኖራውን አብዝተን አቆየነው፣ ፀጉሩም ጋሼ እንዳሉት እንቢ አለ። አለቃዬ ሊያቆመው ነበር። ሦስተኛው ላይ ተሳካ፤ ፀጉሩ በወንፊቱ ላይ እንደ በግ ጀርባ ተኝቶ ወጣ። ሰልፋይዱን ከበፊቱ ግማሽ ነው የተጠቀምነው። በእጄ ይዤ አየሁት።

ልጁ የነርቭ ሐኪም አይቶታል፤ ራስ ምታቱ ቀንሷል። ወደ ኖራ ቤት አልመለስነውም። የቫልቩን ቁልፍ የሚይዘው በሌሊት ፈረቃ እሱ ነው፤ ራሱ ጠየቀ። ያ የጮኸብኝ ጓደኛው የመግቢያ ወረቀቱን ይሞላል።

ትናንት ሌሊት ቦዩ ተዘጋ። ከላይ ሆነው በመንጠቆ ጠረጉት፤ 20 ደቂቃ ፈጀ።

ኖራ ቤት 3
እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

የወንፊቱ ክፍተት ስንት ነው? ለፎርማናችን ልስጠው።

የሌሊት ፈረቃ
እሑድ፣ ጠዋት 4፡12

የፊተኛው 20 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላው 10 ሚሊ ሜትር። ዘንጎቹን ከላይ ወደ ታች አዘንብላችሁ በይዱ እንጂ ቀጥ አታድርጓቸው፤ መንጠቆው ወደ ላይ ሲጎትት ፀጉሩን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ቀጥ አድርገን ሠርተን እንደገና ነው ያፈረስነው።